ድምፁን የሸጠው ከተማና የሰፋው ወሰኑ

ሕዝብ በእንደራሴዎቹ አማካይነት በሚመክርበት አገር ሁሉ፣ ከምርጫው ሕግ ባልተናነሰ ሊታሰብበት የሚገባው ነገር የምርጫው ወረዳ ወሰን ነው። ለምን ቢሉ፣ ሕጉ መራጩ ማን እንደ ሆነ ይናገራል፤ ወሰኑ ግን መራጩ ከማን ጋራ እንደሚቈጠር ይወስናል። ወሰኑ ከአንድ ወንዝ ወዲህ ወይም ወዲያ ባለ ጊዜ፣ ትናንት ብዙ የነበረው ወገን ዛሬ ጥቂት ሆኖ ይገኛል፤ ማንም ሳይሻር፣ ማንም ሳይሾም፣ የሥልጣኑ ምንጭ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ያልፋል። ይህ ነገር በቃል ብቻ ሲነገር ረቂቅ ይመስላል፤ በአንድ ስፍራ ታሪክ ላይ ሲታይ ግን እንደ ቀን ብርሃን የተገለጠ ነው። በእንግሊዝ አገር በደቡብ ባሕር ዳር የነበረው የኒው ሾርሃም የምርጫ ወረዳ ታሪክ ለዚህ የተመቸ ምሳሌ ነው። ከዚህ በታች የሚነሡት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ሾርሃም፣ አዱር የሚባለው ወንዝ በእንግሊዝና በፈረንሣይ መካከል ወዳለው ባሕር የሚገባባት ወደብ ናት። አሮጌው ከተማ ከባሕሩ ፈቀቅ ብሎ በወንዙ ዳር ነበረ፤ ደለሉ መርከብ እያስቸገረ ስለ ሄደ፣ በ11ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ደ ብራዮስ የሚባሉት የኖርማን መሳፍንት አዲሱን ከተማ ወደ ባሕሩ አስጠግተው ሠሩት፤ ‹ኒው›፣ ማለት ‹አዲስ›፣ የተባለበትም ምክንያት ይኸው ነው። ንጉሥ ዮሐንስ በ1199 ዘውዱን ለመቀበል ከኖርማንዲ ሲሻገር የወረደው በዚሁ ወደብ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ባሕሩ የከተማውን ብዙ ክፍል ቈርሶ ወሰደው፤ የወንዙም አፍ ጠጠር እየተከመረበት ስፍራውን ለዋወጠ። እንግዲህ ፓርላማው የሾርሃምን ወሰን ከመንካቱ አስቀድሞ ባሕሩ ነክቶት ነበረ ማለት ነው።

ከተማው ከ1295 ጀምሮ ሁለት ሁለት እንደራሴዎችን ወደ ሕዝብ ምክር ቤት ይልክ ነበር። ሕዝቡ ሲያንስ፣ ንግዱ ሲቀዘቅዝ፣ የእንደራሴዎቹ ቍጥር አልተቀነሰም። የመምረጥ መብት የነበራቸውም የከተማውን ግብር የሚከፍሉት ነዋሪዎች ብቻ ነበሩ፤ እነርሱም ጥቂት ስለ ነበሩ ሁሉም እርስ በርሳቸው ይተዋወቃሉ። ሥራቸው መርከብ መሥራት ነበረ። ወንበሩን የሚፈልግ ባለጠጋም በሾርሃም መርከብ እንዲሠራለት ቢያዝዝ፣ ድምፅ ገዛ ወይስ ሥራ ሰጠ ብሎ ለመለየት አስቸጋሪ ነበር።

በዚህ ከተማ መራጮቹ ራሳቸውን በማኅበር አደራጁ፤ ስሙንም ‹የክርስቲያን ማኅበር› አሉት። በውጭ ለሚያየው፣ ድኾችን ለመርዳትና በጎ ሥራ ለመሥራት የቆመ እንጂ ሌላ አይመስልም ነበር። በውስጡ ግን የከተማውን ድምፅ በአንድነት ለሚበልጥ ዋጋ የሚሸጥ የገበያ ማኅበር ነበር። ማኅበርተኞቹ ምስጢር እንዳያወጡ ይማማላሉ፤ ቃሉን ያፈረሰ ገንዘብ የሚቀጣበትንም ውል ይፈርማሉ። ከመካከላቸው የተመረጡ ጥቂት ሰዎች ከተወዳዳሪዎቹ ጋራ ዋጋ ይነጋገራሉ፤ እነዚያ ተነጋጋሪዎች ግን በምርጫው ቀን ድምፅ ከመስጠት ይርቃሉ። ይህም ስለ መሐላው ነበር። በዚያ ዘመን ሕግ መራጩ ጉቦ አለመቀበሉን በመሐላ እንዲያረጋግጥ ሊጠየቅ ይችል ነበርና፣ የተዋዋለው አይመርጥም፤ የሚመርጠውም ‹እኔ አልተዋዋልሁም› ብሎ እጁን በወንጌል ላይ ይጭናል። ሰው ሕጉን በፊደሉ እየጠበቀ በመንፈሱ ሲያፈርሰው ከዚህ የባሰ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል፤ የመረጡት ስምም በደሉን ያከብደዋል።

በ1770 ከሁለቱ እንደራሴዎች አንዱ ሞተና ወንበሩ ባዶ ሆነ። ማኅበሩም እንደ ልማዱ ገበያውን ከፈተ። ከፈላጊዎቹ አንዱ 3,000 ፓውንድ ሊከፍልና 600 ቶን የሚሆን መርከብ በከተማው ሊያሠራ ቃል ሰጠ። ከህንድ አገር ብዙ ሀብት ይዞ የተመለሰው ቶማስ ራምቦልድ ግን ለእያንዳንዱ መራጭ 35 ፓውንድ አቀረበና ዋጋው በእርሱ ተቈረጠ። በምርጫው ቀን ራምቦልድ 87 ድምፅ፣ ተወዳዳሪው ጆን ፐርሊንግ 37 ድምፅ አገኙ። ነገር ግን ምርጫውን የሚያስፈጽመው ሹም ሮበርትስ ቀድሞ ከማኅበርተኞቹ አንዱ ነበረና ምስጢሩን ያውቅ ነበር። ስለዚህ ከ87ቱ ድምፅ 76ቱን በጉቦ የተሰጠ ነው ብሎ ሠረዘው፤ ለራምቦልድም 11 ብቻ ቀረለትና ሹሙ ፐርሊንግ ተመርጧል ሲል አስታወቀ።

ክርክሩ ወደ ሕዝብ ምክር ቤት ሄደ። እስከዚያ ዘመን ድረስ ስለ ምርጫ የሚነሣውን ክርክር የሚፈርደው ምክር ቤቱ በሙሉ ነበረ፤ ፍርዱም በማስረጃ ሳይሆን በወገን ብዛት ይሰጥ ነበር። ጆርጅ ግሬንቪል የተባለው የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ይህን ለማረም በዚያው በ1770 አንድ ሕግ አስወጣ። በዚህ ሕግ መሠረት የ49 እንደራሴዎች ስም በዕጣ ይወጣል፤ ሁለቱ ተከራካሪዎች በየተራ እየሠረዙ 13 ያስቀራሉ፤ ደግሞም እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ይጨምራሉ፤ እነዚህ 15ቱ ምለው ይፈርዳሉ። ግሬንቪል በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ስለ ሞተ የሥራውን ፍሬ አላየም። በአዲሱ ሕግ መጀመሪያ የታየው ክርክር የሾርሃም ሆነ።

ጕባኤው ነገሩን ሲመረምር የማኅበሩ ሥራ ሁሉ ወደ ብርሃን ወጣ። የሆነ ሆኖ ሹሙ ሮበርትስም ከወቀሳ አልዳነም፤ የድምፅ ቈጣሪ ሆኖ ሳለ የድምፅ ዳኛ ሆኗልና በአፈ ጉባዔው ተገሠጸ። ክፋቱን የገለጠው ሰው መገሠጹ ለብዙዎች እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን አንድ ሹም በልቡ በሚያውቀው ብቻ 76 ድምፅ ለመሠረዝ ከተፈቀደለት፣ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ሹም ያለ እውነት 76 እንዲሠርዝ መንገድ ይከፈትለታል። ምክር ቤቱ በዚህ አልተሳሳተም።

ከዚህ በኋላ የቀረው ጥያቄ ‹ከተማው ምን ይሁን?› የሚለው ነበር። በደለኞቹን ብቻ ከመምረጥ ቢከለክሉ፣ የሚቀሩት መራጮች እጅግ ጥቂት ስለሚሆኑ ለገዢ ይልቁን ይቀላሉ። የከተማውን መብት ጨርሰው ቢሽሩ ደግሞ የጥንት መብት መንካት ሊሆን ነው፤ ብዙዎቹ እንደራሴዎች ራሳቸው ሾርሃምን ከመሰሉ ከተሞች የመጡ ስለ ነበሩ ይህን ፈሩ። ስለዚህ በ1771 የወጣው ሕግ ሦስተኛውን መንገድ ያዘ። የማኅበሩን ሰዎች ስማቸውን እየጠራ ከመምረጥ ከለከላቸው፤ የምርጫውንም ወሰን ከከተማው አውጥቶ በብራምበር ግዛት ላይ ዘረጋው።

የሰሴክስ አገር ከጥንት ጀምሮ ከሰሜን ወደ ደቡብ በተዘረጉ ስድስት ግዛቶች የተከፈለ ነበር፤ እንግሊዞች ‹ሬፕ› ይሏቸዋል። ብራምበር ከእነዚህ አንዱ ሲሆን፣ ከባሕሩ ዳር ተነሥቶ እስከ ሰሬ ድንበር ይደርሳል። በዚህ ግዛት ውስጥ በዓመት 40 ሺልንግ የሚያስገባ ርስት ያለው ሰው ሁሉ ስለ ሾርሃም ወንበር እንዲመርጥ ተፈቀደለት። እንዲህ በመሆኑ የባሕሩን ሽታ የማያውቅ የውስጥ አገር ባለርስት የወደብ መራጭ ሆነ። ስሙ የከተማ፣ ግብሩ የገጠር የሆነ ወረዳ ተፈጠረ።

መድኃኒቱ ለታሰበለት ደዌ መልካም ነበር። ከመቶ ሰው ጋራ በአንድ ቤት ተሰብስቦ መዋዋል ይቻላል፤ በየመንደሩ ከተበተኑ ባለርስቶች ጋራ ግን አይቻልም። ‹የክርስቲያን ማኅበር› እንደገና አልተነሣም። ይሁን እንጂ ሻጩ ተቀጣ እንጂ ገዢው ልማዱን አልተወም። ራምቦልድ እስከ 1774 የሾርሃም እንደራሴ ሆኖ ከቆየ በኋላ ወደ ሻፍትስበሪ ተሻገረ። በዚያም ምርጫ አንድ ሰው ‹ፓንች› የሚባለውን የጨዋታ አሻንጉሊት መስሎና ለብሶ፣ በበር ላይ በተበሳ ቀዳዳ ለመራጮች 20 20 ጊኒ ያድል እንደ ነበር በምርመራ ተገለጠ፤ የራምቦልድም መመረጥ ፈረሰ።

በሾርሃምም ቢሆን በአነስተኛ ነጋዴዎች ፋንታ ትልልቆቹ ባለመሬቶች ተተኩ። በዚያ ዘመን መራጩ ድምፁን የሚሰጠው በአደባባይ በቃሉ ነበር፤ ስሙና የመረጠውም ሰው በመዝገብ ይጻፋሉ፤ ድምፅ በምስጢር መስጠት የተፈቀደው በ1872 ነው። ስለዚህ የሰፊ መሬት ጌታ በአካባቢው ያለ ሰው ማንን እንደ መረጠ አጣርቶ ያውቅ ነበር። የባለቅኔው የፐርሲ ቢሽ ሼሊ አባት ቲሞቲ ሼሊ በኖርፎልክ መስፍን ወገንነት ከ1802 እስከ 1818 በሾርሃም ወንበር ተቀመጠ። በግዛቱ ውስጥ የነፕ ርስት ባለቤት የነበረው ሰር ቻርልስ መሪክ በረል በ1806 ተመርጦ እስከ ሞተበት እስከ 1862 ድረስ፣ 56 ዓመት ሙሉ፣ ወንበሩን አልለቀቀም። ከእርሱ በኋላ ልጁ ሰር ፐርሲ እስከ 1876፣ ቀጥሎም ሌላው ልጁ ሰር ዋልተር እስከ 1885 ተተኩ። ከሁለቱ ወንበሮች አንዱ 79 ዓመት ያህል በአንድ ቤት ውስጥ ቆየ። ይህ በገንዘብ የተገዛ ነው አይባልም፤ ግን ወሰኑን ያሰፉት ሰዎች ለመራጩ ነጻነት አስበው ከሆነ፣ ያሰቡትን በሙሉ አላገኙም።

ፓርላማው ግን መንገዱን ወደደው። በ1782 ክሪክሌድን፣ በ1804 ኤልስበሪን፣ በ1830 ኢስት ሬትፎርድን እንደ ሾርሃም አድርጎ ወደ አካባቢያቸው ገጠር አሰፋቸው። በኢስት ሬትፎርድ ጊዜ ክርክሩ እጅግ የበረታ ነበር፤ ማንቸስተርና በርሚንግሃም በፋብሪካ ሥራ ታላላቅ ከተሞች ሆነው ሳለ አንድም እንደራሴ አልነበራቸውምና፣ ‹የተበላሸውን ወሰን ከማስፋት ወንበሩን ለእነርሱ መስጠት ይሻላል› የሚሉ ብዙዎች ነበሩ። ሚኒስትሩ ሃስኪሰን በ1828 ከዌሊንግተን መንግሥት የወጣው በዚሁ ክርክር ምክንያት ነው። ቀደም ሲል በ1821 የግራምፓውንድ መብት ፈጽሞ ተሽሮ ወንበሮቹ ለዮርክሸር አገር ተሰጥተው ስለ ነበር፣ ሁለተኛው መንገድም ያልተሞከረ አልነበረም።

የወሰኑ ጕድለት ከሁሉ ይልቅ የሚታየው በዚያው በብራምበር ግዛት ውስጥ ነበር። በዚህ አንድ ግዛት ከሾርሃም ሌላ ብራምበር፣ ስታይኒንግና ሆርሻም የሚባሉት ስፍራዎች ለየራሳቸው ሁለት ሁለት እንደራሴ ይልኩ ነበር፤ በጠቅላላው ስምንት መሆናቸው ነው። ከእነዚህ ብራምበር ትንሽ መንደር ነበረች። የባሪያ ንግድን ለማስቀረት የደከመው ዊልያም ዊልበርፎርስ ከ1812 እስከ 1825 የእርሷ እንደራሴ ነበር፤ አንድ ቀን በሠረገላ ሲያልፍ የመንደሯን ስም ጠይቆ ቢነግሩት፣ የራሱ የምርጫ ስፍራ መሆኗን ያን ጊዜ አወቀ ተብሎ ይነገራል። ደግ ሰው ከክፉ ወሰን ሊወጣ መቻሉ የሚካድ አይደለም፤ የወሰኑ ጠበቆችም ይህን ደጋግመው ይጠቅሱ ነበር።

በ1832 የወጣው ታላቁ የማሻሻያ ሕግ ብራምበርንና ስታይኒንግን ሻረ፤ ለሆርሻም አንድ እንደራሴ ብቻ ተወለት። ሾርሃም ግን ሰፊ ወሰኑንና ሁለቱን ወንበሮች ይዞ ቀረ፤ ባለ 40 ሺልንግ ባለርስቶችም መብታቸው ተጠበቀላቸው። ከስልሳ አንድ ዓመት በፊት ቅጣት ሆኖ የተሰጠው ወሰን በዚያ ቀን መድኅን ሆነለት ማለት ይቻላል።

በ1885 የምርጫ ወረዳዎች ሁሉ እንደገና ሲከፋፈሉ፣ እንዲህ ያለው በስም ከተማ በግብር ገጠር የሆነ ወረዳ ስፍራ አላገኘም። የሰሴክስ አገር ለየአንዳንዱ አንድ እንደራሴ በሚልኩ ስድስት ክፍሎች ተከፈለ፤ የኒው ሾርሃምም የምርጫ ወረዳ ከ590 ዓመት በኋላ ተዘጋ። ስሙ በ1950 ከአረንደል ጋራ ተጣምሮ ተመለሰ፤ በ1974 ብቻውን ቆመ፤ በ1997 ደግሞ ከምሥራቅ ዎርዚንግ ጋራ ተጣመረ። በየጊዜው ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ወሰኑ አንድ አልነበረም።

ወሰኑን የሚከልለውም ሌላ ሆነ። በ1944 በወጣው ሕግ በእንግሊዝ፣ በስኮትላንድ፣ በዌልስና በሰሜን አየርላንድ ቋሚ የወሰን ኮሚሲዮኖች ተቋቋሙ፤ ሐሳባቸውን ግን የሚያጸድቀው ፓርላማው ነበር። በ2020 የወጣው ሕግ ይህንንም አስቀረ፤ ኮሚሲዮኖቹ የወሰኑት ያለ ፓርላማው ድምፅ ይጸናል። በ2024 ምርጫ ሥራ ላይ በዋለው ክፍፍል፣ ከጥቂት ስፍራዎች በቀር፣ እያንዳንዱ ወረዳ ከ69,724 የማያንስ፣ ከ77,062 የማይበልጥ የተመዘገበ መራጭ እንዲኖረው ተደርጓል።