ሥጋ የለውም ማለት የጾም ነው ማለት አይደለም

የሕንድ ምግብ ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ እስካለፈው ሁዳዴ ድረስ በበሩ ሳልፍ ሽታውን ከማሽተት በቀር ገብቼ አላውቅም ነበር። የገባሁት እናቴን ልጋብዝ ብዬ ነው። በዚያን ቀን የሠራሁት ስህተት ነው ይህንን ጽሑፍ ያስጻፈኝ።

እናቴ ለዓይን ሕክምና ከደሴ መጥታ እኔ ጋ ሰነበተች። እኔም ጽሑፍ በመተየብ ያጠራቀምኳት ገንዘብ ነበረችኝ። የት ልውሰዳት ብዬ ሳስብ ትዝ ያለኝ የሒሳብ መምህሯ ነው። በደርግ ዘመን ዘጠነኛ ክፍል ሳለች ያስተማራት ሕንዳዊ ነበር። ከጣልያን ወረራ በኋላ ትምህርት ቤቶች ሲስፋፉ ብዙ ሕንዳውያን መምህራን ወደ አገራችን መጥተው እስከ ክፍለ ሀገር ድረስ እንዳስተማሩ ከታላላቆቻችን የምንሰማው ነው። የእናቴ መምህር ሥጋ የሚባል ነገር አይቀምስም ነበርና ተማሪዎቹ «ጿሚው» የሚል ስም አውጥተውለት ነበር። «ለፋሲካ እንኳ አይፈስክም» እያለች ስትስቅ ነው ያደግሁት።

እኔም በዚህ ተማምኜ «እማዬ፣ የሕንድ ምግብ ግማሹ ጾም ነው፤ ምንም አታስቢ» አልኳት። ቀኑ ዓርብ ነው። ከቅዳሴ እስክትመለስ ጠብቄ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ቦሌ አካባቢ ወዳለ አንድ ቤት ወሰድኳት። የምግብ ዝርዝሩ ላይ «ቬጂቴሪያን» ከሚለው ርዕስ ሥር ፓላክ ፓኒር የሚል አየሁና አዘዝኩ። አንድም ነገር አልጠየቅሁም። መጣ፤ ጎመን የመሰለ አረንጓዴ ወጥ፣ ውስጡ ነጫጭ ቁራጭ ያለበት። እናቴ አማትባ ሁለት ጉርሻ እንደበላች እጇ ቆመ።

«ልጄ፣ ይሄ አይብ አይደለም እንዴ?»

አስተናጋጇን ጠራኋት። «አዎ እናቴ፣ አይብ ነው። የተሠራውም በቅቤ ነው» አለቻት። እናቴ ምንም አልተናገረችም። በጎንደሬዋ መስቀል ላይ እጇን አድርጋ ትንሽ ዝም አለች። እኔ ግን መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ስንት ዓመት ሙሉ ታማ እንኳ ያልገደፈችውን ሴት በገዛ እጄ አስገደፍኳት።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ጠይቄና አንብቤ የተረዳሁትን ላካፍላችሁ።

የመጀመሪያው ነገር፣ በሕንድ «ሥጋ የማይበላ» ማለትና በእኛ «ጿሚ» ማለት ይለያያሉ። እኛ ስንጾም ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል ሁሉም ይቀራል፤ ጾሙ ሲፈታ ግን እንበላለን። እዚያ ሥጋ የማይበሉት ብዙዎቹ ዓመቱን ሙሉ አይበሉም፤ ወተትና ቅቤ ግን በየቀኑ ከገበታቸው አይጠፋም። በሕንድ ሕግም የታሸገ ምግብ ሥጋ ከሌለው አረንጓዴ ካሬ ውስጥ አረንጓዴ ነጥብ ይደረግበታል። እንቁላል ካለበት ይህንን ምልክት አያገኝም፤ ወተት ቢኖርበት ግን ያገኛል። ስለዚህ አረንጓዴው ምልክት ለእኛ ጾም ዋስትና አይሆንም።

ሁለተኛው፣ ወተቱ የሚገባው ባልጠረጠርነው በኩል ነው። ጊ የሚባለው ንጥር ቅቤ ነው፤ እንደኛው ኮረሪማና ኮሰረት አይገባበትም እንጂ አነጣጠሩ ይመሳሰላል። ፓኒር የሚባለው አይብ ነው። የእኛ አይብ ቅቤው ከወጣለት አሬራ ሲሠራ፣ ፓኒር ግን ወተቱ ፈልቶ ሎሚ የመሰለ ኮምጣጣ ነገር ተጨምሮበት ሲቋጠር፣ ውሃው ተጨምቆ በክብደት ተጭኖ የሚሠራ ነው። ለዚህ ነው እንደ ሥጋ ተቆርጦ ወጥ ውስጥ ሲገባ የማይቀልጠው። ዳል ማለት ክክ ወይም ምስር ነው፤ ይሁን እንጂ ዳል ማካኒ የሚባለው ቅቤና ክሬም አለበት። ዳል ታድካ የሚባለው ደግሞ ምስሩ ከበሰለ በኋላ ቅመም በጋለ ቅባት ተጠብሶ ከላይ ይፈስበታል፤ ቅባቱ ዘይትም ቅቤም ሊሆን ይችላል። ኮርማ ላይ እርጎ ወይም ክሬም የተለመደ ነው። ታንዱር በሚባለው የሸክላ ምድጃ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የሚጋገረው ናን እንኳ ሊጡ ውስጥ ብዙ ጊዜ እርጎ ወይም ወተት ይገባል፤ ሲወጣም ቅቤ ይቀባል።

ታዲያ ለጿሚ ምን ቀረ? ብዙ አለ። ቻና ማሳላ የሽምብራ ወጥ ነው፤ አሉ ጎቢ ድንችና አበባ ጎመን ነው። ሁለቱም ብዙ ጊዜ በዘይት ይሠራሉ። ሮቲ የስንዴ ዱቄትና ውሃ ነው፤ ቅቤ እንዳይቀቡት መንገር ብቻ ነው። ከደቡብ ሕንድ የመጣው ዶሳ ደግሞ ሩዝና ጥቁር ምስር መሰል ጥራጥሬ ተፈጭቶ፣ አድሮ ከቦካ በኋላ በምጣድ ላይ በስሱ የሚጋገር ነው። እንጀራን ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይሆንበትም።

ቅመሙም ቢሆን ሩቅ አይደለም። አብሽ፣ እርድ፣ ድንብላል፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ አዝሙድ፣ ቅርንፉድ፣ ቀረፋ በሁለቱም ጓዳ አለ። ማሳላ ማለት የቅመም ቅልቅል ማለት ስለሆነ የአንድ ምግብ ስም አይደለም። የእኛ በርበሬ ተደልዞ፣ ተሰጥቶ፣ ተፈጭቶ ለዓመት ይቀመጣል፤ እነሱ ግን ለየወጡ የተለያየ ቅልቅል ያደርጋሉ። ቃሪያና ሚጥሚጣ የሁለታችንም የሚመስሉን ናቸው፤ ነገር ግን ዘራቸው ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ነው። ወደ ሕንድ ያስገቡት ፖርቱጋሎች ናቸው።

ስለ ሒሳቡም አንድ ነገር ልበል። እኔ በልቤ የደመርኩት የወጡን ዋጋ ብቻ ነበር። ሩዙም ዳቦውም ለየብቻ ነው የሚከፈለው፤ በዚያ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ። የአገልግሎት ክፍያ የሚጨምሩም ቤቶች አሉ። ተማሪ ሆናችሁ ስትገቡ ይህንን አስቡ።

ወደ እናቴ ልመለስ። አስተናጋጇ ለማብሰያ ክፍል ነግራ ቻና ማሳላና ቅቤ ያልነካው ሮቲ አስመጣችልን። እናቴ ቀመሰችና «ይሄ እንኳ የእኛው ሽምብራ ነው» ብላ በላች። መጨረሻ ላይ በትንሽ ሳህን ፍሬ ከስኳር ጋር ቀረበ። አንስታ አሸተተችው። «እንስላል ነው» አለች፤ ፈገግም አለች። ከዚያ ድንገት የሆነ ነገር ትዝ አላት።

«የመምህሩ ሚስት እኮ በየማለዳው ወተት የምትገዛው ከእኛ ቤት ነበር። ቀድቼ የምሰጣት እኔ ነኝ። ለካ ጿሚ ያልነው ሰውዬ የላማችንን ወተት ሲጠጣ ነው የከረመው!»

ሁለታችንም ሳቅን። እኔ ይቅርታ ልጠይቃት ስል እጇን አወዛወዘችና «ለነፍስ አባቴ እናገራለሁ፤ አንተ አትጨነቅ። ግን ጋዜጠኝነት አይደል የምትማረው? ምነው ሳትጠይቅ?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። እናንተ ግን ከመብላታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ በምን ቅባት ነው የተሠራው? ወተት፣ እርጎ ወይም አይብ አለበት? ዳቦውስ ቅቤ ይቀባል? ጥያቄው አንድ ደቂቃ አይወስድም። የእናቴ ዓይን አሁን ደህና ነው፤ ለፍስክ ስትመጣ ፓላክ ፓኒሩን እንደገና እንድጋብዛት ቃል አስገብታኛለች።