የሣር ክዳንን በቆርቆሮ ለመለወጥ፤ ሣሩ ከመነሣቱ በፊት የሚሠራ ሒሳብ

በየዓመቱ መኸር ከገባ በኋላ ብዙ ገበሬዎች የቤታቸውን ሣር አንሥተው ቆርቆሮ ለማልበስ ያስባሉ። አሳባቸው መልካም ነው። ሰንበሌጥ ይታጨድበት የነበረው መሬት በብዙ ቦታ ታርሷል፤ ስለዚህ ጥሩ የክዳን ሣር እንደ ቀድሞው በቀላሉ አይገኝም። ነገር ግን ገንዘቡ ሳይሞላ ሣሩ የተነሣ እንደሆነ፣ ቤተ ሰቡ የሰኔን ዝናም ግማሹ በተከደነ ቤት ውስጥ ይቀበላል። አለዚያም የጎደለውን ለመሙላት በሬ ይሸጣል፤ ወይም ወደ አራጣ አበዳሪ ይኬዳል።

በመጀመሪያ የቤትዎን ቅርፅ ይመልከቱ። ክብ ጎጆ በቆርቆሮ ሲከደን ቆርቆሮው እየተቆረጠ ብዙ ይባክናል። ለቆርቆሮ የሚስማማው ባለ አራት ማዕዘን ቤት ነው። እንግዲህ ክብ ቤት ያለው ሰው ወጪው የክዳን ብቻ ሳይሆን የአዲስ ቤት መሆኑን ይወቅ። ክዳንዎ የማያፈስ ከሆነም፣ ጎረቤት ቆርቆሮ አለበሰ ተብሎ ዘንድሮውኑ መለወጥ ግድ አይደለም። ሣር የቀኑን ሙቀትና የሌሊቱን ብርድ ከቆርቆሮ ይልቅ ይከላከላል።

ቀጥሎ ቆርቆሮውን ይቁጠሩ። ለምሳሌ ርዝመቱ 8 ሜትር፣ ወርዱ 6 ሜትር የሆነ፣ ጣሪያው በሁለት ወገን የሚያዘቀዝቅ ቤት እንውሰድ። ክዳኑ በወርዱ በኩል ከግድግዳው በየጎኑ 50 ሳንቲ ሜትር፣ በርዝመቱ በኩል በየጫፉ 40 ሳንቲ ሜትር ይውጣ። የጣሪያው አናት ከክዳኑ ጠርዝ 1 ሜትር ከ40 ከፍ ያለ እንደሆነ፣ ከአናት እስከ ጠርዝ ያለው ቁልቁለት 3 ሜትር ከ80 ገደማ ይሆናል። ባለ 2 ሜትር ሁለት ቆርቆሮዎች በ20 ሳንቲ ሜትር ተደራርበው ይህን ልክ ይሸፍናሉ። 90 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቆርቆሮ በጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር ሲደራረብ የሚሸፍነው 80 ነው፤ ስለዚህ ለ8 ሜትር ከ80 ርዝመት 11 ቆርቆሮ ይበቃል። በሁለት ረድፍ 22፣ ለሁለቱም ወገን 44 ማለት ነው። አናጢው ጣሪያውን አሹሎ ቁልቁለቱን 4 ሜትር ያደረገው እንደሆነ ግን ሁለቱ አይደርሱም፤ ሦስተኛ ረድፍ መጀመር ወይም እየቆረጡ መቀጠል ይመጣል። ስለዚህ ወራጁ ከመቆረጡ በፊት የቆርቆሮውን ርዝመትና ስፋት ከሱቁ ሄደው በሜትር ይለኩ።

ቆርቆሮ በጌጅ ቁጥር ይሸጣል፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ቆርቆሮው ስስ ነው። ባለ 35 ከባለ 32፣ ባለ 32 ከባለ 28 ይሳሳል። በእኔ አስተያየት በረዶ በሚበዛበት ደጋ ባለ 35 መግዛት ትርፍ የለውም። ሁሉንም ከአንድ ዓይነት ይግዙ፤ የልዩ ልዩ ፋብሪካ ቆርቆሮ ሸንተረሩ ላይገጥም ይችላል። ምስማሩም ባለ ቆብ ይሁን፤ በሸንተረሩ ጉብታ ላይ ይመታል እንጂ ውሃ በሚወርድበት ስርጉድ አይመታም። የአናቱን መክደኛና የአናጢውን ዋጋ ከሒሳቡ አይርሱ።

ዋጋውን እዚህ አልጻፍንም። ጥሬ ብረቱ ከውጭ አገር ስለሚመጣ፣ በተለይም ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ዋጋው ከምንዛሪው ጋር ይለዋወጣል። ከሁለት ሱቅ ጠይቀው በ44 ያባዙ።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ? ከበሬው አይምጣ። ከጥንዱ አንዱን የሸጠ ሰው መቀናጆ ፈልጎ ተራ ሲጠብቅ የዘሩ ጊዜ ያልፍበታል፤ ቤቱ ቆርቆሮ ለብሶ ማሳው ይጎዳል። ዘርና የማዳበሪያ ገንዘብም አይነካ። እህል ቢሆን በኅዳርና በታኅሣሥ ሁሉም ስለሚሸጥ ዋጋው ይወርዳል፤ በሐምሌና በነሐሴ ይወደዳል። ለቀለብ የሚያስፈልገውን በርካሽ ሸጦ በክረምት በውድ መግዛት የቆርቆሮውን ዋጋ እጥፍ ያደርገዋል። የተሻለው መንገድ ሥራውን በሁለት ዓመት መክፈል ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከራስዎ ባሕር ዛፍ ወራጅና ማገር ይቁረጡ፤ ልጠው ከመሬት ከፍ አድርገው ያድርቁ፤ የቀረውን ዛፍ ይሽጡ። ለገና ወይም ለፋሲካ ገበያ የደለቡ በጎችን ገንዘብ በቁጠባና ብድር ማኅበር ያስቀምጡ። እቁብ ያለዎት እንደሆነ ዕጣዎ በጥር ወይም በየካቲት እንዲደርስዎ ከአባላቱ ጋር ቀደም ብለው ይነጋገሩ። የሠራተኛ ወጪ በደቦ ይቀንሳል።

የተገዛው ቆርቆሮ እስኪመታ ድረስ በደረቅ ቦታ በእንጨት ላይ ይቁም። እርጥብ ሆኖ ተደራርቦ የተቀመጠ ቆርቆሮ ነጭ ዱቄት የመሰለ ዝገት ያወጣል። ከጨውና ከማዳበሪያም ይራቅ።

ሣሩ የሚነሣው 44ቱም ቆርቆሮ፣ ምስማሩና እንጨቱ በግቢ ከገባ በኋላ ነው፤ ጊዜውም የካቲትና መጋቢት፣ በልግ በሚዘንብበት አገር ታኅሣሥና ጥር ይሁን። ወራጁን ከግድግዳው ቋሚ ጋር በሽቦ ይሰሩ፤ ነፋስ ቀላሉን ክዳን ያነሣዋልና። ጭስ በሣር ውስጥ እንደሚወጣ በቆርቆሮ አይወጣም፤ ማድ ቤቱን ይለዩ ወይም መውጫ ይተዉለት። አሮጌው ሣር ወደ ኮምፖስት ጉድጓድ ይግባ።

ለልማት ሠራተኞች፦ ይህን ሒሳብ ከገበሬው ጋር የምትሠሩት በኅዳር፣ እህሉ ሳይሸጥ ነው። ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። አሸንዳ የሚገባ ከሆነም ቦታውን አብራችሁ ወስኑ፤ ከላይ በተጠቀሰው ክዳን ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናም ሲጥል 600 ሊትር ያህል ውሃ ያርፍበታል፤ የሚባክነው ቢቀነስ እንኳ ባለ 200 ሊትር ሁለት በርሜል ይሞላል።