ጀንፈሉ ለምን አይወጣም? የእናቴ የበቆሎ ሂሳብ

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ዋጋ ብቻ የምትፈልጉ እስከ ማክሰኞ ታገሱኝ።

ከየካቲት ጀምሮ በውስጥ መስመር የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፤ "ገበሬው ጀንፈሉን የት ደበቀው?" ላኪው ኮንትራት ይዞ ይጨነቃል። አቅራቢው ደግሞ "ገበሬው ዘንድሮ ነጋዴ ሆኗል፣ በስልኩ ኒውዮርክን ያያል" ይላል። እኔም ይህንኑ እዚሁ ደጋግሜ ጽፌያለሁ። ባለፈው ሳምንት አጋሮ አካባቢ ቤተሰቦቼ ጋ ወርጄ ሦስት ቀን ሰንብቼ ተመለስኩ። የጻፍኩት ግማሹ ልክ አልነበረም።

የቤታችን መሬት ትንሽ ነው። አንድ ሄክታር ከምናምን ቡና በጥላ ዛፍ ሥር፣ ከሱ በታች ግማሽ ሄክታር በቆሎ፣ ጓሮው እንሰትና ጎመን። አባቴ፣ እናቴ፣ ታናሽ ወንድሜና አሥራ ሁለተኛ ክፍል የምትገባ እህቴ ይኖሩበታል። በቆሎው ደህና ከያዘ እስከ ሚያዝያ ያደርሳቸዋል፤ ነቀዝ ከገባበት ግን መጋቢትንም አያልፍ። ከዚያ በኋላ እስከ አዲሱ እሸት ድረስ የሚበላው ከገበያ ነው፤ ገንዘቡም ከቡና ነው። ሌላ የለም።

ታሪኩ የሚጀምረው ክረምት መግቢያ ላይ ነው። ሰኔ 2016 ላይ በቆሎው አልቆ፣ ዩሪያም መግዛት ግድ ሆኖ፣ አባቴ ገና ፍሬው አረንጓዴ ሳለ ሦስት ጆንያ ጀንፈል በዚያን ጊዜው ዋጋ ለአንድ ሰብሳቢ ሸጡ። ብሩን ዛሬ፣ ቡናውን ሲደርስ። ወር አልሞላም፣ ሐምሌ 22 ቀን የምንዛሪው ሥርዓት ተለወጠ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ቡናው ሲለቀም ዋጋው ሌላ ነበር። ወንድሜ "ብሩን ወለድ ጨምረን እንመልስለትና ቡናውን እናስቀረው" ብሎ ነበር። አባቴ "ቃሌን ሰጥቻለሁ" ብለው ሦስቱን ጆንያ አስረከቡ። ሰብሳቢው አንድ ብር እንኳ አልጨመረላቸውም። መጨመር አለበት ብሎ የሚያስገድደው ውል የለም፣ ያው ሰው ነው።

የቀረው ዘጠኝ ጆንያ ነበር። ሁለቱ ታኅሣሥ ላይ ለለቃሚና ለእህቴ ወጪ ወጣ። ሰባቱ ቤት ገባ።

ለምን እሸቱን አይሸጡም ለምትሉ፦ እሸት የዕለቱን ዋጋ ነው የምትቀበለው፣ አድሮ ይበላሻል። ጀንፈል ግን ይጠብቃል። ሲፈለፈል ክብደቱ ግማሽ ገደማ ይቀራል፣ ቦታ ይይዛል፣ ሌባ ይጠራል፣ ግን ይጠብቃል። ባንክ ቤት ያለው ብር በዓመት ውስጥ ምን እንደሆነ ሁላችንም አይተናል፤ እነሱም አይተዋል።

የካቲት 2017 ኒውዮርክ በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ወጣ። ያን ሰሞን እዚህ ቻናል ላይ ምን ያህል እንደተሯሯጥን ታስታውሳላችሁ። እናቴ ደወለች። "ልጄ፣ ሦስት ጆንያ ልሽጥና በቆሎ ልግዛ ነው፤ በቆሎ አሁን ርካሽ ነው" አለች። "እማዬ፣ እንዳትነኪው! ገና ይጨምራል" አልኳት። ደላላ ነኝ፣ ዲፕሎማ አለኝ፣ ብራዚል ድርቅ እንደመታት አውቃለሁ። "እሺ፣ አንተ ታውቃለህ" ብላ ዘጋች።

ከዚያ የሆነውን ታውቁታላችሁ። ዋጋው ቀስ በቀስ ወረደና ሐምሌ መግቢያ ላይ ከ3 ዶላር በታች ሆነ። እዚያው ሐምሌ ላይ ደግሞ በቆሎ እንደ ልማዱ ወጣ። ቡናው ወርዶ በቆሎው ሲወጣ እናቴ ከሁለቱም ወገን ተመታች። ሰባቱ ጆንያ ሙሉ አልጋ ሥርና ጓዳ ተደርድሮ ሳለ ወንድሜ ለቤት ቀለብ ሰው እርሻ ላይ በቀን ሥራ አረም ሲያርም ከረመ። ማታ ደግሞ ዱላ ይዞ ጆንያው አጠገብ ይተኛል፤ በሠፈሩ የሁለት ሰው ጀንፈል ተሰርቋል። ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥር እናቴ ጆንያ ፈትታ እርጥበት እንዳይዘው ታሰጣለች፣ ደመና ሲመጣ ታስገባለች። ይህን ሁሉ ማንም በስልክ አልነገረኝም። ስደውል "ደህና ነን" ነበር።

ባለፈው ሳምንት ስደርስ አራት ጆንያ ነው ያገኘሁት። "ሦስቱስ?" አልኩ። አባቴ ዝም አሉ። እናቴ ናት የመለሰችው፦ "በላነው።"

ሦስቱ ጆንያ በአንድ ቀን አልወጣም። በየገበያው ቀን አንድ ፈረሱላ፣ አንዳንዴም ግማሽ ፈረሱላ፣ የሳምንት በቆሎ የሚገዛ ያህል ብቻ ተቆንጥሮ ነው የወጣው። በዚያ መጠን የሚሸጥ ሰው ሚዛን ላይ ምን እንደሚደረግ እዚህ ላለነው መንገር አያስፈልግም።

ማታ እሳት ዳር ሂሳቧን አስረዳችኝ። እናቴ ቡናን በብር አትቆጥርም። "አንድ ፈረሱላ ጀንፈል ስንት በቆሎ ያመጣል?" ነው ጥያቄዋ። 17 ኪሎዋን ይዛ ገበያ ስትወጣ መጀመሪያ የምታየው የእህል ተራውን ነው። የካቲት ላይ አንድ ፈረሱላ ያመጣ የነበረውን በቆሎ ሐምሌ ላይ ግማሹን እንኳ አላመጣላትም። እኔ ቡናም እህልም አገበያያለሁ፤ ሁለቱን ዋጋ በየቀኑ ለየብቻ እጽፋለሁ። አንዱን ለሌላው አካፍዬ አላውቅም ነበር።

እንግዲህ ጀንፈሉ ለምን የካቲት ላይ አልወጣም ለሚለው የኔ መልስ ይህ ነው። ብዙ ቤት ለመሸጥ ፈልጎ ነበር። "ያዙት" ያልነው እኛ ነን፦ እንደ እኔ ያለ ከተማ የገባ ልጅ፣ በስልክ የሚዞር ወሬ፣ ይህ ቻናልም ጭምር። ክረምት ላይ ደግሞ የሚወጣው ላኪ በሚጠብቀው መጠን ሳይሆን በቁንጥር ነው። መኪና ልካችሁ ግማሽ ጭነት ይዞ የሚመለሰው ለዚህ ነው። የካቲት ላይ በቆሎ ቀድሞ ገዝቶ አባላቱ ክረምት ላይ በጀንፈል እንዲወስዱ የሚያደርግ ዩኒየን ቢኖር፣ ቡናውን በሙሉ ጆንያ ያገኝ ነበር። ሥራው ከባድ ነው፣ መጋዘን ይፈልጋል፣ አውቃለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰዎች መጥተው የማሳውን ቦታ በስልክ መዝግበው ሄደዋል፣ ለአውሮፓው የደን ሕግ። አባቴ ለግብር ነው ብለው ሁለት ቀን እንቅልፍ አጥተው ነበር። ከአራት ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ አንድ ነጥብ እንደሚበቃ፣ የሚጣራውም ከ2020 ማብቂያ ወዲህ ደን አለመመንጠሩ እንደሆነ ያስረዳቸው አልነበረም። የምትመዘግቡ ወገኖች፣ አምስት ደቂቃ ጨምራችሁ ንገሯቸው።

አሜሪካ ብራዚል ላይ የጣለችው ቀረጥ ሐምሌ 2017 መጨረሻ ላይ ከጀመረ በኋላ ኒውዮርክ ተመልሶ ወጥቶ ነበር። ስለዚህ አራቱን ጆንያ በተመለከተ እናቴ ስሄድ ጠየቀችኝ፦ "አሁንስ ምን ትላለህ?"

"የአጋሮ በቆሎ ስንት ገባ?" አልኳት። ሳቀች። ሁለቱን ጆንያ በማግስቱ ሸጠች፤ የእህቴ የትምህርት ቤት ወጪና እስከ አዲሱ እሸት የሚያደርስ በቆሎ ሆነ። ሁለቱ አሁንም አልጋ ሥር ነው፣ ወንድሜም አጠገቡ።

ከማክሰኞ ጀምሮ ከቡናው ዋጋ ሥር የአጋሮና የጅማ የበቆሎ ዋጋ፣ ከሱም ቀጥሎ አንድ ፈረሱላ ጀንፈል ስንት ኪሎ በቆሎ እንደሚገዛ አብሮ ይወጣል። በሌሎች የቡና ወረዳዎች ያላችሁ የገበያ ቀን ዋጋችሁን በውስጥ መስመር ላኩልኝ፣ እጨምረዋለሁ።