ወደ ተራራማው አውራጃ ከመሄዳችን በፊት



በፌብሩዋሪ 15 ቀን 2025 በዌስት ቨርጂኒያ ደቡባዊ ጫፍ በሚገኘው በማክዱዌል አውራጃ የደረሰው ጎርፍ የሦስት ሰዎችን ሕይወት ካጠፋና ብዙ ቤቶችን ካበላሸ ወዲህ፣ በዋሽንግተን አካባቢ ካሉት ማኅበረ ምእመናን «ሄደን እንያቸው፤ የምንችለውንም እናድርግ» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ደርሶናል። (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።) ጥያቄው ደስ ያሰኘናል። ይሁን እንጂ ሳይታሰብበት የሚደረግ ጉብኝት ለተጎጂው ሁለተኛ ሸክም ሊሆንበት ይችላል።

ይህን ያወቅነው ከስሕተታችን ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ ሌላ የተራራ አውራጃ ሠላሳ ሁለት ሰዎች ሆነን፣ በሦስት መኪና ልብስ ጭነን ሄድን። በተቀበለችን ትንሽ ቤተ ክርስቲያን እሑድ እሑድ የሚሰበሰቡት ከሃያ አይበልጡም፤ አብዛኞቹም አረጋውያን ናቸው። ለእኛ ምሳ ለማዘጋጀት ሦስት እናቶች ሌሊቱን ሲደክሙ አደሩ። ልብሱ የሚቀመጥበት ስፍራ ስላልነበረ በምድር ቤት ተከመረ፤ ምድር ቤቱም እርጥበት ስለነበረው በወሩ ሻገተ። አውጥተው ለመጣል ገንዘብ የከፈሉት እነርሱ ናቸው። ይህን የነገሩን በዓመቱ ነው፤ ያውም ጠይቀናቸው።

ስለዚህ አስቀድመን አገሩን እንወቅ። ማክዱዌል የድንጋይ ከሰል አገር ነው። በ1950 የሕዝቡ ቁጥር 98,887 ነበር፤ በ2020 ቆጠራ ግን 19,111 ሆነ። ከሰሉን የሚቆፍር መሣሪያ የሰውን እጅ ተካ፤ በ1980ዎቹም ታላላቆቹ የብረት ፋብሪካዎች የከሰል ጉድጓዶቻቸውን ዘጉ፤ ወጣቱም ሥራ ፍለጋ ወጣ። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ሥልጣን እንደያዙ የጀመሩት የሙከራ የምግብ ኩፖን ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው በሜይ 29 ቀን 1961 በዚሁ አውራጃ ዋና ከተማ በዌልች ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሹማምንትና ብዙ ጋዜጠኞች መጥተው ሄደዋል። በ2016 መጀመሪያ ላይ በኪምባል የነበረው ትልቁ የዎልማርት መደብር ሲዘጋ ብዙ ሰዎች ሥራቸውን ከማጣታቸው በላይ፣ ሕዝቡ አትክልትና ሥጋ ለመግዛት ተራራ ማቋረጥ ግድ ሆነበት።

ጎርፉስ ለምን ይደጋገማል? በጁላይ 2001 መጣ፤ ዓመት ሳይሞላው በሜይ 2002 ተመለሰ። ምክንያቱ አንድም የመሬቱ አቀማመጥ ነው። ተራራው ገደል ነው፤ ሜዳ የሚገኘው በወንዙና በጅረቱ ዳር ብቻ ነው። ቤቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ አስፋልቱና የባቡሩ ሐዲድ በዚያች ጠባብ ሜዳ ላይ ተጠጋግተዋል። ዝናቡ ሲበረታ ከግራና ከቀኝ የሚወርደው ውኃ በሰዓታት ውስጥ ጅረቱን ይሞላዋል። «ታዲያ ወደ ከፍታው ለምን አይወጡም?» የሚል ይኖራል። የአውራጃው መሬት አብዛኛው የታላላቅ ኩባንያዎች ንብረት ነው፤ ድኻው የአያቱን ቤት ትቶ የሚሄድበት መሬት በቀላሉ አያገኝም። የመጠጥ ውኃውም ቧንቧ በብዙ መንደር የከሰል ኩባንያዎች በቀድሞ ዘመን ዘርግተውት የሄዱት አሮጌ ነውና፣ ከመንገድ ዳር ምንጭ በጀሪካን የሚቀዱ ቤተሰቦች አሉ። ይህን ስናይ የገጠሩን አገራችንን ያላስታወሰ ከመካከላችን የለም።

አንዳንድ ወገኖች ደግሞ «ጥቁሮች ሆነን በዚያ እንዴት እንሆናለን?» ብለው በስጋት ጠይቀውናል። ከሰሉ ካሳደጋቸው ቤተሰቦች መካከል ከደቡብ ክፍለ አገሮች የመጡ ጥቁሮች ብዙዎች ነበሩ፤ ከኢጣሊያና ከሀንጋሪ የመጡም ነበሩ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለዘመቱ ጥቁር ወታደሮች መታሰቢያ በ1928 የተሠራው ሕንጻ ዛሬም በኪምባል ቆሟል። የሚሄዱት ቢያዩት መልካም ነው።

አሁን ወደ ዝግጅቱ እንመለስ። ነህምያ ኢየሩሳሌም በደረሰ ጊዜ ሦስት ቀን ቆይቶ፣ ጥቂት ሰዎች ብቻ ይዞ በሌሊት ቅጥሩን ዞሮ ተመለከተ እንጂ ሕዝብ ሰብስቦ ንግግር አላደረገም። እኛም መጀመሪያ የምንልከው አራት ሰዎችን ነው፤ አንድ ሽማግሌ፣ አንዲት እናት፣ ቤት መጠገን የሚያውቅ አናጺና አንድ የፕሮጀክት ሠራተኛ። ከመነሳታቸው ቢያንስ ከስድስት ሳምንት በፊት ለአስተናጋጇ ቤተ ክርስቲያን መጋቢ በስልክ ይነገር። ምን ይዘን እንምጣ ከማለት በፊት መምጣታችን ይጠቅማችኋል ወይ ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። «አሁን አይመቸንም» ቢሉ መልሱን በደስታ እንቀበል።

የቀኑም ምርጫ ቀላል አይደለም። በኖቬምበር የምስጋና በዓል ሳምንት የአጋዘን አደን ስለሆነ ብዙ ወንዶች ጫካ ናቸው። በሜይ መጨረሻ ቤተሰብ ከሩቅ መጥቶ የመቃብር ስፍራ ያጸዳል፤ በዚያን ጊዜ እንግዳ መሆን አይገባም። የምግብ ማደያውን ሥራ ለማየት የወሩ መጨረሻ ይሻላል፤ የኩፖኑ ገንዘብ የሚያልቀው ያኔ ነውና። ሰዓት ስትቀጥሩ ደግሞ በእነርሱ አቆጣጠር ይሁን። ከእኛ አንዱ ሠራተኛ ለጠዋቱ አራት ሰዓት እንደርሳለን ለማለት ፈልጎ በእንግሊዝኛ «አራት» ቢል፣ አንድ ሽማግሌ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው ቡና አፍልተው ጠብቀዋል። እስካሁን ይስቁብናል።

መንገዱ ከዋሽንግተን ስድስት ሰዓት ያህል ይወስዳል። በአውራ ጎዳና 81 ወርዶ በ77 ወደ ሰሜን ከታጠፉ በኋላ ተራራውን በረጅም ዋሻ አልፎ ብሉፊልድ ይደረሳል። ከዚያ እስከ ዌልች ያለው ቁጥር 52 ጠመዝማዛ ነው፤ የከሰል መኪናም ይመላለስበታል። ጨለማ ሳይመጣ ግቡ። በየሸለቆው ውስጥ (እነርሱ «ሆለር» ይሉታል) ስልክ አይሠራም፤ ስለዚህ የመንገዱን ካርታ በወረቀት ያዙ፤ ነዳጅም በብሉፊልድ ሙሉ።

ፎቶግራፍን በሚመለከት አጥብቀን እናሳስባለን። የተራራው ሕዝብ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ድኽነቱ በጋዜጣና በቴሌቪዥን ሲታይበት ኖሯል። በ1967 በጎረቤቱ በኬንታኪ፣ በሌቸር አውራጃ፣ ፊልም ያነሣ የነበረ አንድ እንግዳ ሰው በመሬቱ ባለቤት ተተኩሶበት ሞቷል። ግድያው የሚወገዝ ነው፤ ቁጣው ግን ከየት እንደመጣ ማወቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ በመጀመሪያው ጉብኝት ካሜራ አይወጣም። እባብ ይዘው የሚያመልኩ ጥቂት ጉባኤዎች በዚያ አገር እንዳሉ የሰሙ ወጣቶችም «እናያለን ወይ?» ብለውናል። አናይም፤ የምንሄደው ለትርኢት አይደለም።

በቤት ውስጥ የቀረበውን ብሉ። ባቄላና የበቆሎ ዳቦ ቢሆንም ከጓዳቸው የመጨረሻውን አውጥተው ይሆናል። በቤተ ክርስቲያን «ወንድም»፣ «እህት» ተባብለው ይጠራራሉና እኛም እንዲሁ እንላለን። በከሰል አቧራ ሳንባቸው የተጎዳ አዛውንቶች ብዙ ናቸው፤ ትንፋሽ ሲያጥራቸው ካያችሁ ጸሎቱን አሳጥሩ። አያት የልጅ ልጆቿን የምታሳድግበት ቤት ብትገቡ እናታቸው የት ናት ብላችሁ አትጠይቁ። አደንዛዥ መድኃኒት በዚያ አውራጃ ብዙ ቤት አፍርሷል፤ ልትናገር ብትፈልግ ራሷ ትናገራለች።

በመጨረሻ ስለ ገንዘብ። በጉብኝቱ ዕለት ለማንም ቤተሰብ በእጅ አይሰጥም። ለአንድ ጉዳት ሌላ ወገን የከፈለበትን የመንግሥቱ የአደጋ መሥሪያ ቤት ፌማ ደግሞ አይከፍልም፤ ሳናውቅ የሰጠነው ስጦታ የሚገባቸውን ሊያስቀርባቸው ይችላል። ስለዚህ የቤተሰቡን ጉዳይ የሚከታተለውን ሰው አስቀድመን እናነጋግር። አራቱ ሲመለሱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሪፖርታቸውን ይጽፋሉ፤ ሪፖርቱም ለአስተናጋጇ ቤተ ክርስቲያን ተልኮ ከታረመ በኋላ ነው በዚህ ጋዜጣ የሚወጣው። ከማኅበራችሁ አናጺ ወይም የቧንቧ ሠራተኛ የሆነ ሰው ካለ ስሙን ለሽማግሌዎቻችሁ አስመዝግቡልን።