የበለዘ ጥርስ፤ መንሥኤውና ለወጣቶች የሚደረገው ሕክምና

«ጥርስ ባዳ ነው» ይባላል፤ ልብ እያዘነ እንኳ ይሥቃልና። በስምጥ ሸለቆ፣ በወንጂ፣ በዝዋይና በመሳሰሉት ስፍራዎች ካደጉት ወጣቶች ብዙዎቹ ግን ልባቸው ደስ ብሎት ሳለ አፋቸውን በእጃቸው ይሸፍናሉ፤ የፊት ጥርሳቸው በልዟልና። የሚያያቸውም ሰው ጥርሳቸውን ስለማያጸዱ ነው ብሎ ይፈርድባቸዋል። ይህ ፍርድ ትክክል አለመሆኑን፣ ዛሬ የሚደረገውንም ሕክምና በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት እንሞክራለን።

የብለዛው መንሥኤ በውኃ ውስጥ የሟሟ ፍሎራይድ ነው። የሸለቆው ምድር ከእሳተ ገሞራ በወጣ ዐለት የተሠራ ስለ ሆነ፣ በውስጡ የሚያልፈው የከርሰ ምድር ውኃ ፍሎራይዱን እያሟሟ ይወስዳል። ጥቂቱ ጥርስን ከመበስበስ ይጠብቃል፤ ሲበዛ ግን ይጎዳል። የዓለም የጤና ድርጅት የወሰነው ልክ በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ በሸለቆው ካሉት ጉድጓዶች በብዙዎቹ ከዚህ ብዙ እጥፍ ተገኝቷል።

ጉዳቱ የሚደርሰው ጥርሱ ገና በድድ ውስጥ ሳለ፣ ኢናሜል የሚባለው ጠንካራ ሽፋን በሚሠራበት ጊዜ ነው። ይህም ጊዜ እስከ 8 ዓመት ዕድሜ ገደማ ይደርሳል፤ ለፊት ጥርሶች ግን ከሁሉ ይልቅ የሚያሠጉት የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት ናቸው። በሚገባ ሳይጠነክር የቀረው ሽፋን፣ ጥርሱ ከበቀለ በኋላ ቀለም እየጠጣ ይበልዛል። እንግዲህ በመፋቂያም ሆነ በብሩሽ ብዛት አይለቅም ማለት ነው።

ይህን ምሥጢር ለማወቅ ብዙ ድካም ጠይቋል። ፍሬድሪክ ማኬይ የተባለው የጥርስ ሐኪም በ1901 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ በኮሎራዶ ስፕሪንግስ ከተማ ይህንኑ ብለዛ አይቶ ምክንያቱን ለዓመታት ሲፈልግ ቆየ። በ1931 እ.ኤ.አ. ቸርችል የተባለው ኬሚስት ውኃውን መርምሮ ፍሎራይድ መሆኑን ገለጸ።

ለሕክምናው ደግሞ መንገድ የከፈተው ማይክል ቦኖኮር ነው። እርሱም በ1955 እ.ኤ.አ. ኢናሜል በፎስፎሪክ አሲድ ጥቂት ሲነካ ሬዚን እንደሚይዝ አሳየ። ከዚህ የተገኘው ሕክምና ቦንዲንግ ይባላል፤ ይኸውም የጥርስ መልክ ያለው ልስን በጥርስ ላይ ማጣበቅ ነው። ሐኪሙ ጥርሱን አጽድቶ አሲዱን ለግማሽ ደቂቃ ያህል ይቀባዋል። አሲዱም ዓይን የማያያቸውን ጥቃቅን ጉድጓዶች ይፈጥራል። ከዚያም አጥቦ፣ አድርቆ፣ ፈሳሹን ሙጫ ይቀባል፤ ኮምፖዚት የሚባለውንም ለስላሳ ልስን በስሱ እየደራረበ በሰማያዊ ብርሃን ያደርቀዋል። በመጨረሻም ቅርጽ ይሰጠውና ይወለውለዋል።

ይህ ዘዴ ለወጣቶች የሚመረጥበት ምክንያት አለው። በልጅ ጥርስ ውስጥ ያለው የነርቭና የደም ሥር ክፍል ሰፊ ነው፤ ስለዚህ ጥርሱን ብዙ ሞርዶ ሙሉ ሽፋን ማልበስ ነርቩን ያሠጋዋል። ቦንዲንግ ግን ከጥርሱ የሚያነሣው ጥቂት ነው፤ ልጁ ሲያድግም ሊታደስ ወይም በሌላ ሊለወጥ ይችላል። በመውደቅ ወይም በኳስ ጨዋታ ለተሸረፈ ጥርስም ያገለግላል።

ሆኖም ዘላቂ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እድሳት ይፈልጋል፤ ቡናና ሻይ ቀለሙን ይለውጡታል፤ ጠርሙስ በጥርስ የሚከፍትም ይሰብረዋል። በፍሎራይድ የተጎዳ ኢናሜል ደግሞ አሲዱን ቶሎ ስለማይቀበል፣ ሐኪሙ ላዩን በጥቂቱ መፋቅ ወይም አሲዱን ማቆየት ግድ ሊሆንበት ይችላል። የበሰበሰ ጥርስ ቢኖርም አስቀድሞ መታከም አለበት።

ከሁሉ በላይ ግን ወላጆች ሊያስተውሉት የሚገባ ነገር አለ። ቦንዲንግ የታላቁን ጥርስ ይሸፍናል እንጂ፣ ከዚያው ጉድጓድ የሚጠጣውን የታናሹን ጥርስ አያድንም። ውኃውን ማፍላት ፍሎራይዱን አያስወግድም፤ እንዲያውም ውኃው በተነነ መጠን የቀረው ይጠነክራል። የሚበጀው ጉድጓዱን ማስመርመር፣ ለሕፃናት በንጽሕና የተጠራቀመ የዝናም ውኃ ወይም ፍሎራይዱ አነስተኛ መሆኑ የታወቀ ውኃ መስጠት፣ ይህ ካልተገኘም በከሰለ አጥንት በመሳሰለው ማጣሪያ ማሳለፍ ነው። ወጣቱ በሐኪም እጅ ሣቁን ቢያገኝ መልካም ነው፤ ታናሹ ግን መጀመሪያውኑ እንዳያጣው ማድረግ በእኛ እጅ ነው።