ድምፁ ያነሰ፣ ጉልበቱ የበዛ ማርሚታ

የሞተር ብስክሌት ጩኸት ከጉልበቱ ጋር አብሮ የሚጨምር ይመስላል። ከዚህም የተነሳ የማርሚታውን ሆድ ሰርስረው ባዶ የሚያደርጉ፣ ሲብስም ቆርጠው የሚጥሉ አሽከርካሪዎች አሉ። ለመሆኑ ጩኸት ሲበዛ ጉልበት ይጨምራልን? መልሱን ለማግኘት በቅድሚያ ጥቂት ስሌት እንሥራ።

ከማርሚታው አፍ በ1 ሜትር ርቀት ላይ 110 ዴሲቤል የሚሰማ ሞተር አለ እንበል። ይህ ጆሮ የሚያደነቁር ጩኸት ነው። ይሁን እንጂ በዚያ ርቀት በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር የሚያልፈው የድምፅ ኃይል 0.1 ዋት ብቻ ነው። ድምፁ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይሰራጫል ብንል ጠቅላላው 1.3 ዋት ገደማ ይሆናል። በአንጻሩ 10 የፈረስ ጉልበት ያለው ትንሽ ሞተር ወደ 7,400 ዋት ያመነጫል። እንግዲህ ድምፅን ማፈን በራሱ ከሞተሩ የሚወስደው ጉልበት ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ጉልበት የሚወስደው ድምፁን ለማፈን ተብሎ በጭሱ መንገድ ላይ የሚደረደረው መሰናክል ነው። አዲስ ማርሚታ የሚመርጥ ሰው እነዚህን ሁለት ነገሮች ለይቶ ማየት ይኖርበታል።

ከጭስ ማውጫ የሚገኘው ተጨማሪ ጉልበት ምንጩ ሞገድ ነው። በባለ አራት ምት ሞተር የማስወጫው ቫልቭ ሲከፈት የታመቀው ጋዝ ወደ ቱቦው ይወረወራል፤ የግፊቱ ሞገድም በትኩሱ ጋዝ ውስጥ በሰከንድ ከ500 ሜትር በላይ ይጓዛል። ሞገዱ ቱቦው ድንገት የሚሰፋበት ወይም የሚያልቅበት ሥፍራ ሲደርስ እንደ ገደል ማሚቶ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ሲመለስ ግን ተገልብጦ የመምጠጥ ሞገድ ይሆናል። ቫልቩ ዘንድ የሚደርሰው የማስገቢያውና የማስወጫው ቫልቮች ለአፍታ አብረው በተከፈቱበት ቅጽበት ከሆነ፣ በሲሊንደሩ ውስጥ የቀረውን ጭስ ስቦ ያወጣል፣ አዲሱንም የአየርና የቤንዚን ድብልቅ ይጎትታል። ሁሉም ነገር የተመሠረተው በጊዜ ላይ ነው። በደቂቃ 6,000 ጊዜ የሚዞር ሞተር አንዱን ዙር በ10 ሚሊ ሰከንድ ይጨርሳል፤ ፍጥነቱ 9,000 ሲደርስ ያለው ጊዜ 6.7 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው። ስለሆነም አንድ የቱቦ ርዝመት የሚስማማው ለተወሰነ የዙር ክልል እንጂ ለሁሉም አይደለም። ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1987 በጭስ ማውጫው ውስጥ እንደ ዙሩ የሚከፈትና የሚዘጋ ቫልቭ ያስገባው ይህንኑ ችግር ለማቃለል ነበር።

በባለ ሁለት ምት ሞተር ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ነው። በምሥራቅ ጀርመን ለኤም ዜድ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ቫልተር ካደን፣ መሐሉ የሰፋ ጫፉ የጠበበ የጭስ ማውጫ በማጥናት 125 ሲሲ የሆነውን የውድድር ሞተሩን እ.ኤ.አ. በ1961 ወደ 25 የፈረስ ጉልበት አድርሶታል። በዚያው ዓመት ጋላቢው ኤርንስት ዴግነር ከድቶ ወደ ሱዙኪ ሲሄድ ዕውቀቱን ይዞ ሄደ፤ በማግስቱ ዓመትም ሱዙኪ የ50 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮናን አሸነፈ። የካደን ሞተሮች ጸጥተኞች አልነበሩም፤ ሆኖም ጉልበታቸው የመጣው ከቱቦው ቅርፅ ነው። ለዚህም ምስክሩ የጭስ መውጫው ጫፍ ቀጭን መሆኑ ነው።

ወደ ምርጫው እንመለስ። ማርሚታዎች በሁለት መንገድ ድምፅን ያፍናሉ። አንደኛው ጭሱን ከክፍል ወደ ክፍል እያመላለሰ ሞገዶቹን እርስ በርስ የሚያጣፋ ነው፤ ለወፍራም ድምፅ ብርቱ ቢሆንም ጭሱን ሊያግድ ይችላል። ሁለተኛው ቀዳዳ የበዛበት ቀጥ ያለ ቱቦ ሲሆን ዙሪያው በመስታወት ወይም በባዛልት ክር የታጨቀ ነው። ጭሱ ሳይደናቀፍ ያልፋል፤ ድምፁ ግን በቀዳዳዎቹ ገብቶ በክሮቹ መካከል ወደ ሙቀት ይለወጣል። የዚህ ዓይነቱ ድክመት ወፍራሙን ድምፅ በሚገባ አለመያዙ ሲሆን መድኃኒቱም ይዘትን ማሳደግ ነው። በመሆኑም ረዘምና ወፈር ያለው ማርሚታ፣ ለዓይን ባያምርም፣ ጉልበትንና ጸጥታን በአንድነት ለማግኘት ይሻላል። አጭሩና ቄንጠኛው ወይ ይጮኻል፣ ወይ ጭሱን ያፍናል።

ሻጩ የጉልበት መለኪያ ግራፍ ካሳየን ከፍተኛውን ቁጥር ብቻ አንመልከት፤ በየዕለቱ የምንነዳው በመካከለኛው ዙር ነውና። ልኬቱ የተወሰደው ተነቃዩ የድምፅ መቀነሻ በቦታው እያለ መሆኑንም እንጠይቅ። አንዳንዱ ጸጥታውን ከመቀነሻው ጋር፣ ጉልበቱን ያለ መቀነሻው ለክቶ ያቀርባልና! ጭስ በቀላሉ ሲወጣ ብዙ አየር ስለሚገባም ካርቡሬተሩ ወይም የቤንዚን መርጫው ካልተስተካከለ ድብልቁ ይሳሳል፣ ሞተሩም ከመጠን በላይ ይሞቃል።

በአሜሪካ ከ1986 ሞዴል ጀምሮ የተፈቀደው የመንገድ ሞተር ብስክሌት ድምፅ 80 ዴሲቤል ነው። በአውሮፓ ከ2016 ወዲህ ለጉልበተኞቹ የተወሰነው 77 ነው፤ የመለኪያው ርቀትና አሠራር ስለሚለያይ ግን ሁለቱን ቁጥሮች በቀጥታ ማነጻጸር አይቻልም። የጆሮ ነገር ደግሞ ከሕግም ይቀድማል። የአሜሪካ የሥራ ጤና ተቋም ለ85 ዴሲቤል በቀን 8 ሰዓት ሲፈቅድ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ጊዜውን በግማሽ ይቀንሳል፤ ለ100 ዴሲቤል የሚቀረው 15 ደቂቃ ብቻ ነው።

ጥሩ ማርሚታ የገዛ ሰውም ውሎ አድሮ ድምፁ እየጎላ ሲሄድ ቢሰማ ጉልበት ጨመረልኝ ብሎ አይደሰት። የታጨቀው ክር በሙቀት ተቃጥሎ አልቋል ማለት ስለሆነ አስከፍቶ በአዲስ ያስለውጥ።