የታይሚንግ ቺንጋ ሲላላ በሞተር ላይ የደረሰውን ጉዳት ስለ መመርመር

በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ ሕዝብ ከሚያመላልሱት ሚኒባሶች ብዙዎቹ ቶዮታ ሃይስ መሆናቸው የታወቀ ነው። ከነዚህም ውስጥ 2 ኤል፥ 3 ኤልና 5 ኤል የተባሉትን የናፍጣ ሞተሮች የያዙት ጥቂት አይደሉም። በእነዚህ ሞተሮች ቫልቮቹን በጊዜያቸው የሚያስከፍተውና የሚያስዘጋው ጥርስ ያለው የጎማ ቺንጋ ነው። ይህ ቺንጋ በላላ ጊዜ ሞተሩ በድንገት ይጠፋል፤ ወይም እየተንገጫገጨና እያጨሰ ይሠራል። ከዚያ በኋላ ባለ ንብረቱ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም «ሞተሩ ተጎድቷል ወይስ አልተጎዳም?» የሚል ነው።

ለዚህ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ ሁለት ዐይነት መልስ ይሰጣል። አንዱ «እስቲ አስነሣውና እንየው» ይላል፤ ሁለተኛው ደግሞ «ቴስታታው ሳይወርድ አይታወቅም» ይላል። የመጀመሪያው ያልተጎዳውን ሞተር ሊያስጎዳ ይችላል። ሁለተኛው ያለ በቂ ምክንያት ብዙ ገንዘብ ያስወጣል። መኪናው ቆሞ የሚውልበት እያንዳንዱ ቀን ለባለቤቱ፥ ለሾፌሩና ለረዳቱ የዕለት እንጀራ መቋረጥ ስለ ሆነ ነገሩ በቀላሉ የሚታይ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው በሁለቱ መልሶች መካከል ሌላ መንገድ መኖሩን ነው። እርሱም ከማይጎዳው ምርመራ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ መሄድ ነው።

የቺንጋው ሥራ

ባለ አራት ምት ሞተር አየር ይስባል፥ ያምቃል፥ ያቃጥላል፥ የተቃጠለውንም ያስወጣል። እነዚህ አራት ሥራዎች እስኪፈጸሙ ክራንክሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱ አንድ ጊዜ ብቻ ይዞራል። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ የሚዞር ቢሆን እያንዳንዱ ቫልቭ በሴኮንድ 25 ጊዜ ይከፈታል፥ ይዘጋልም ማለት ነው። በዚህ ፍጥነት ቫልቭና ፒስተን ሳይጋጩ የሚሠሩት ሁለቱን ዘንጎች የሚያገናኛቸው ነገር ልኩን ስለሚጠብቅ ነው።

ቀድሞ ይህን ሥራ የሚሠሩት የብረት ሰንሰለትና ጥርሳም ጎማዎች ነበሩ። ጥርስ ያለው የጎማ ቺንጋ ለዚህ ሥራ በብዛት በተመረተ መኪና ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1962 በጀርመን አገር በተሠራው ግላስ 1004 ነው። ከዚያ ወዲህ ድምፁ አነስተኛ፥ ክብደቱ ቀላል፥ ዘይትም የማይፈልግ በመሆኑ በብዙ ፋብሪካዎች ተወደደ። ነገር ግን ጎማ እንደ መሆኑ መጠን ዕድሜው የተወሰነ ነው። በ3 ኤል ሞተር ቺንጋው ካምሻፍቱን ብቻ ሳይሆን የናፍጣ ፖምፓውንም እንደሚያዞር ልብ ማለት ይገባል፤ ለምርመራው ይህ ነገር ኋላ ይጠቅመናል።

ሁለት ዐይነት ሞተሮች

ለዚህ ጽሑፍ ያህል ሞተሮችን «ሰፊ» እና «ጠባብ» ብለን እንከፍላቸዋለን። ሰፊ የምንለው ቫልቩ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ሳለ ፒስተኑ እስከ ጫፍ ቢወጣ የማይገናኙበትን ሞተር ነው። በቶዮታ ኮሮላ ላይ የሚገኘው ባለ 1.6 ሊትር የቤንዚን ሞተር፥ 4 ኤ-ኤፍኢ የሚባለው፥ ከዚህ ወገን ነው። ቺንጋው ቢበጠስ መኪናው ይቆማል እንጂ ቫልቭ አይጣመምም።

ጠባብ የምንለው ግን ቫልቩና ፒስተኑ አንዱን ቦታ በተለያየ ጊዜ የሚጠቀሙበትን ነው። የናፍጣ ሞተር በተፈጥሮው ወደዚህ ያደላል። ናፍጣ ያለ ካንዴላ በራሱ እንዲቀጣጠል አየሩ እጅግ መታመቅ አለበት፤ በ3 ኤል ሞተር አየሩ ወደ 22ኛ እጅ ያህል ይታመቃል። ስለዚህ ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ በእርሱና በቴስታታው መካከል የሚቀረው ቦታ እጅግ ትንሽ ነው። በዚያ ሰዓት በሰፊው ተከፍቶ የሚገኝ ቫልቭ መሸሻ የለውም። እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ቺንጋው ምን ሆነ?» ሳይሆን «ሞተሩ የትኛው ነው?» የሚለው ነው።

አንድ ጥርስ ምን ያህል ነው?

የላላ ቺንጋ ሁልጊዜ ጥርስ ይዘላል ማለት አይደለም። ቢዘልም ጉዳቱ በዝላዩ መጠን ይለያያል። ለምሳሌ በክራንክሻፍቱ ጫፍ ያለው ጥርሳም ጎማ 24 ጥርስ ቢኖረው፥ አንድ ሙሉ ዙር 360 ዲግሪ ስለ ሆነ አንድ ጥርስ 15 ዲግሪ ይሆናል። ሁለት ጥርስ 30፥ ሦስት ጥርስ 45 ዲግሪ ነው። አንድ ጥርስ ሲዘል ሞተሩ ኃይል ያጣል፥ ለመነሣትም ያስቸግራል፤ ነገር ግን በጠባብ ሞተር እንኳ ቫልቩ ሳይነካ ሊቀር ይችላል። ምክንያቱም ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ቫልቮቹ ሊዘጉ የተቃረቡ ወይም ገና መከፈት የጀመሩ ናቸው። ዝላዩ በጨመረ ቍጥር ግን መጋጨቱ የማይቀር ይሆናል።

ዝላይ የሚመጣው በመንገድ ላይ ብቻ አይደለም። መኪናው በዳገት ላይ በማርሽ ቆሞ ወደ ኋላ ቢሸሽ ሞተሩ በተቃራኒው ስለሚዞር የላላው ወገን ይሰበሰባል፤ ጥርስም ሊዘል ይችላል።

የምርመራው ቅደም ተከተል

1ኛ፤ ቁልፉን አለማዞር። ሞተሪኖ ክራንክሻፍቱን በደቂቃ 200 ጊዜ ያህል ቢያዞር፥ በ10 ሴኮንድ ውስጥ ከ30 ዙር በላይ ይሆናል። ጊዜው በተዛባ ሞተር ውስጥ አንድ ቫልቭ በዚያች አጭር ጊዜ 16 ጊዜ ያህል ሊመታ ይችላል ማለት ነው። በመግፋት ማስነሣትም ከዚህ የተለየ አይደለም፤ እንዲያውም የመኪናው ክብደት ሁሉ ስለሚታከልበት ይብሳል።

2ኛ፤ ሾፌሩን መጠየቅ። ሞተሩ የጠፋው በፍጥነት ላይ ሳለ ነውን? ወይስ ቆሞ ሲሠራ? የብረት ድምፅ ተሰምቷልን? ከጠፋ በኋላ ስንት ጊዜ ተሞክሯል? በዝግታ ሲሠራ የጠፋና ከዚያ ወዲያ ያልተነካ ሞተር የመትረፍ ዕድሉ የበለጠ ነው።

3ኛ፤ ሽፋኑን ፈትቶ ማየት። እዚህ ላይ የሚፈለገው ቺንጋው የላላበት ምክንያት ነው። የመወጠሪያው ኩሽኔታ አልቆ ይሆናል፤ ስፕሪንጉ ደክሞ ይሆናል፤ ወይም ከፓራኦሊዮ የፈሰሰ ዘይት ጎማውን አለስልሶት ይሆናል። ምክንያቱ ሳይታወቅ አዲስ ቺንጋ ማሰር ያው ችግር እንዲመለስ መፍቀድ ነው።

4ኛ፤ ምልክቶቹን ማመሳከር። በክራንክሻፍቱ፥ በካምሻፍቱና በናፍጣ ፖምፓው ላይ ፋብሪካው ያደረጋቸው ምልክቶች አሉ። የመጀመሪያው ፒስተን ጫፍ ላይ ሲሆን ሦስቱም መግጠም ይገባቸዋል። ክራንክሻፍቱን የምናዞረው በመፍቻ፥ በእጅ፥ በዝግታ ነው፤ የሚያግድ ነገር ሲሰማ ወዲያው ማቆም ግዴታ ነው። ሦስቱም ከገጠሙ ቺንጋው ላልቷል እንጂ አልዘለለም። ካምሻፍቱ ገጥሞ ፖምፓው ብቻ ከተዛባ ግን ጭሱና መንኳኳቱ የመጣው ናፍጣው ያለ ጊዜው በመረጨቱ ነው፤ ቫልቮቹ በዚህ አይነኩም። ይህን ባለመለየት ደኅና ቴስታታ ሊወርድ ይችላል።

5ኛ፤ ጊዜውን መመለስ። ካምሻፍቱ ከተዛባ በመጀመሪያ ክራንክሻፍቱን ከጫፍ ወደ 90 ዲግሪ መውሰድ ነው። በዚህ ጊዜ አራቱም ፒስተኖች ወደ መካከል ስለሚወርዱ ካምሻፍቱ ያለ ግጭት ወደ ምልክቱ ይመለሳል። ከዚያም ክራንክሻፍቱ በመጣበት መንገድ ወደ ምልክቱ ይመለስና ቺንጋው ይታሰራል፤ በእጅም ሁለት ሙሉ ዙር ተዙሮ ምልክቶቹ እንደገና ይታያሉ።

6ኛ፤ የቫልቭ ክፍተት መለካት። በካሙና በቫልቩ መካከል ያለው ክፍተት በቀጭን የብረት መለኪያ ይታያል። የተጣመመ ቫልቭ ወደ ቦታው ተመልሶ በሙሉ ስለማይዘጋ ጫፉ ከካሙ ይርቃል። ስለዚህ ከስምንቱ ቫልቮች ሰባቱ ልክ ሆነው አንዱ ብቻ ከሌሎቹ በጣም የሰፋ ክፍተት ቢያሳይ ጠንካራ ምስክር ነው። ይህ ምርመራ የሚጠይቀው የላይኛውን ሽፋን መክፈት ብቻ ነው።

7ኛ፤ የእመቃ ኃይል መለካት። ካንዴሌታዎቹ ሁሉ ይወጣሉ፤ ናፍጣ እንዳይረጭም ወደ ፖምፓው የሚሄደው የኤሌክትሪክ ሽቦ ይነቀላል። ሞተሪኖን መጠቀም የሚፈቀደው እዚህ ደረጃ ላይ ሲደረስ ብቻ ነው። መለኪያውም ለናፍጣ ሞተር የተሠራ መሆን አለበት፤ የቤንዚኑ መለኪያ ይህን ግፊት አይችለውም።

ውጤቱን ስለ ማንበብ

ሦስቱ ሲሊንደሮች በካሬ ሳንቲ ሜትር 30 ኪሎ አሳይተው አንዱ 8 ቢያሳይ በዚያ ሲሊንደር ቫልቭ ተጣሟል ብሎ መጠርጠር ይገባል። አራቱም እኩል ዝቅ ቢሉ ግን ስምንቱ ቫልቮች በአንድነት ተጣመሙ ከማለት በፊት ጊዜው በትክክል መመለሱን እንደገና ማየት ይሻላል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች ብቻ ቢወርዱ ደግሞ የቴስታታው ጋስኬት በመካከላቸው መቃጠሉን ሊያመለክት ይችላል፤ ይህም ከቺንጋው በፊት የነበረ በሽታ ሊሆን ይችላል።

ጥርጣሬውን ለማረጋገጥ የተጠረጠረው ፒስተን በእመቃ ጊዜ ጫፍ ላይ ይደረግና በካንዴሌታው ቀዳዳ የታመቀ አየር ይገባል። አየሩ ሞተሩን ሊያዞረው ስለሚችል መፍቻው በክራንክሻፍቱ ላይ መተው የለበትም። ከዚያ የሚቀረው ማዳመጥ ነው። አየሩ በአየር ማጣሪያው በኩል ቢተነፍስ የማስገቢያው ቫልቭ፥ በማርሚታው በኩል ቢወጣ የማስወጫው ቫልቭ አይዘጋም ማለት ነው። በዘይት መሙያው ቢሰማ የፒስተን ቀለበቶች፥ በራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ቢያስነሣ ጋስኬቱ ወይም የተሰነጠቀ ቴስታታ ነው።

ቴስታታው መውረድ ያለበት እነዚህ ምስክሮች ሲስማሙ ነው። በወረደም ጊዜ በፒስተኑ ራስ ላይ የጨረቃ ቅርጽ ያለው የመመታት ምልክት ይፈለጋል፤ የቫልቭ መምሪያዎቹም መሰንጠቃቸው ይታያል። በነዚህ ሞተሮች የጋስኬቱ ውፍረት በፒስተኑ ከፍታ ልክ ስለሚመረጥ ያገኙትን ጋስኬት መልሶ መግጠም አይገባም።

በሌላ በኩል ሞተሩ ስለ ተነሣ ብቻ ደኅና ነው ማለትም ስሕተት ነው። ጥቂት የተጣመመ ቫልቭ ሞተሩን ከመነሣት ላያግደው ይችላል። ነገር ግን ክፉኛ በሚግለው በማስወጫው በኩል ከሆነ ሙቀቱን ወደ ቴስታታው ማስተላለፍ ስለማይችል እየተቃጠለ ይሄዳል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም መኪናው ተመልሶ ጋራዥ ይገባል። ስለዚህ 6ኛውና 7ኛው ምርመራ ሞተሩ ቢነሣም የሚቀሩ አይደሉም።

በጠቅላላው ከላይ ከተዘረዘሩት ምርመራዎች አብዛኞቹ መፍቻ፥ ቀጭን መለኪያና ትዕግሥት እንጂ ውድ መሣሪያ አይጠይቁም። ባለ ንብረቱም ቴስታታው እንዲወርድ ከመፍቀዱ በፊት ሦስት ነገር መጠየቅ ይችላል፤ ምልክቶቹ ስንት ጥርስ ተዛብተው ተገኙ? የቫልቮቹ ክፍተት ስንት ነው? የአራቱ ሲሊንደሮች እመቃስ ስንት ስንት ነው? የእነዚህ መልስ በወረቀት ላይ ሲጻፍ ግምት ቀርቶ ማስረጃ ይሆናል። ለነዚህ የናፍጣ ሞተሮች ቺንጋው 100,000 ኪሎ ሜትር ሲሞላ መለወጡ የተለመደ ደንብ ነው። ተሠርቶበት ከውጭ አገር የመጣ መኪና ግን ቺንጋው መቼ እንደ ተለወጠ የሚያስረዳ ጽሑፍ ከሌለው፥ ቍጥሩን ሳይጠብቁ ቺንጋውን ከመወጠሪያው ኩሽኔታ ጋራ በአንድነት መለወጥ፥ ቀኑንና ኪሎ ሜትሩንም በሽፋኑ ላይ መጻፍ ይገባል።